ዝምታን እንደ ሞት ላለመቁጠር፦ ሊኑክስና ኩበርኔቲስ ከክላውድ እስከ ሐዋሳ ካምፓሶች

መግቢያ

የአንድ ተቋም የኮምፒውተር ሥራ ሁሉ በአንድ ክፍል ውስጥ በተደረደሩ ሰርቨሮች ይከናወን የነበረበት ጊዜ እያለፈ ነው። ዛሬ የሆስፒታል መዝገብ፣ የፋብሪካ መለኪያ ወይም የዩኒቨርሲቲ ፈተና ከፊሉ ርቆ በሚገኝ የዳታ ማዕከል፣ ከፊሉ ደግሞ ሥራው በሚከናወንበት ቦታ በቆመ አነስተኛ ኮምፒውተር ሊካሄድ ይችላል። የመጀመሪያው ክላውድ፣ ሁለተኛው ኤጅ ወይም የዳር ኮምፒውተር ይባላል። ሁለቱን እንደ አንድ ሥርዓት ለማስተዳደር በስፋት የሚመረጠው መንገድ ሊኑክስን መሠረት፣ ኩበርኔቲስን ደግሞ አስተዳዳሪ ማድረግ ነው።

ሐዋሳ የዚህን አሠራር ጥቅምና ችግር ለመመርመር ምቹ ናት። ከተማዋ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ የሚገኘው በእርሷ ነው። በ1992 ዓ.ም. ደቡብ ዩኒቨርሲቲ በሚል ስም የተቋቋመው የዛሬው ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲም በከተማዋ ውስጥ ካሉት ካምፓሶች ሌላ በወንዶ ገነት፣ በይርጋዓለም አዋዳና በበንሳ ዳዬ ካምፓሶች አሉት። ይህን የመሰለ የተበታተነ ተቋም በመልክዓ ምድራዊ አቀማመጡ ብቻ የክላውድና የኤጅ ጥያቄ ይቀርብለታል፤ የቱ ሥራ በማዕከል፣ የቱ በካምፓስ ይሁን?

ጥያቄው ከምቾት ያለፈ ክብደት አለው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና በኮምፒውተር እየወሰዱ ነው። በፈተና መካከል የሚቆም ሰርቨር የአንድን ተማሪ የዓመታት ድካም ያስተጓጉላል። የሆስፒታል መዝገብ ሳይከፈት የቀረ እንደሆነ ደግሞ ጉዳቱ ከዚህም ይከፋል።

ይህ ጽሑፍ ኩበርኔቲስ የግንኙነት መቋረጥን እንዴት እንደሚተረጉም ያብራራል፤ ያ ትርጓሜ የኔትወርክና የኤሌክትሪክ መቋረጥ አብረው በሚከሰቱበት አካባቢ ምን እንደሚያስከትል ያሳያል፤ በመጨረሻም የውሳኔ ሥልጣን ወደ ሥራው ቦታ መቅረብ እንዳለበት ያመለክታል። በሐዋሳ ላይ የተመሠረቱት ምሳሌዎች ለትንተና የቀረቡ ናቸው፤ የተጠቀሱት ተቋማት በአሁኑ ጊዜ የሚጠቀሙበትን ሥርዓት አይገልጹም።

የሁለቱ ሶፍትዌሮች ድርሻ

ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ1991 በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ የተጀመረ ከርነል ነው። ለኮንቴይነር መሠረት የሆኑት ሁለት ችሎታዎች የተጨመሩለት ዘግይተው ነው። ኔምስፔስ የሚባለው አንድ ፕሮግራም የራሱን ፋይሎች፣ የራሱን ኔትወርክና የራሱን የሂደት ዝርዝር ብቻ እንዲያይ ያደርገዋል፤ ሲግሩፕስ የሚባለው ደግሞ ፕሮግራሙ ሊጠቀምበት የሚችለውን ማስታወሻና ፕሮሰሰር ይወስናል። ኔምስፔስ ወደ ከርነሉ መግባት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2002 ሲሆን፣ በጉግል መሐንዲሶች የተጀመረው ሲግሩፕስ እ.ኤ.አ. በ2008 ታከለ። ዶከር እ.ኤ.አ. በ2013 እነዚህን ችሎታዎች ለማንኛውም ገንቢ ቀላል አደረጋቸው። ስለዚህ ኮንቴይነር ማለት በአንድ ከርነል ላይ አጥር ተበጅቶለት የሚሠራ ተራ የሊኑክስ ሂደት ነው።

ኮንቴይነሮች በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ሲበዙ የቱ የት ይሥራ፣ የወደቀውን ማን ያንሣ የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ኩበርኔቲስ የተፈጠረው ለዚህ ነው። ጉግል ቦርግ ከተባለው የውስጥ ሥርዓቱ ባገኘው ልምድ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ ያደረገው ሲሆን፣ የመጀመሪያው ሙሉ ዕትም እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2015 ወጣ። ቃሉ በግሪክኛ የመርከብ መሪ ማለት ነው።

የአሠራሩ ፍሬ ነገር ተፈላጊውን ሁኔታ ከነባራዊው ጋር ያለማቋረጥ ማነጻጸር ነው። አስተዳዳሪው «ይህ አገልግሎት በሦስት ቅጂ ይሥራ» ብሎ ይጽፋል። መቆጣጠሪያው ክፍል ጽሑፉን ኤትሲዲ በሚባል ዳታቤዝ ያስቀምጣል። በእያንዳንዱ ኮምፒውተር፣ ማለትም በእያንዳንዱ ኖድ ላይ ያለው ኩብሌት የተባለ ወኪል ደግሞ የታዘዘውን ያስፈጽማል። ፖድ የሚባለው፣ አንድ ወይም ከአንድ በላይ ኮንቴይነሮችን የያዘው የሥራ ክፍል ሲወድቅ ሌላ ይተካል። አስተዳዳሪው የሚፈልገውን ይናገራል እንጂ እያንዳንዱን እርምጃ አያዝም። ይህ አሠራር በአንድ የዳታ ማዕከል ውስጥ እጅግ የተሳካ ሆኗል። ይሁን እንጂ በውስጡ አንድ ታሳቢ ተቀብሯል፤ እርሱም መቆጣጠሪያው ክፍልና ኖዶቹ ሁልጊዜ ይነጋገራሉ የሚለው ነው።

ኖድ ዝም ሲል

ኩብሌት በሕይወት መኖሩን በየ10 ሰከንዱ ለመቆጣጠሪያው ክፍል ያሳውቃል። ይህ መልእክት የልብ ምት ይባላል። የልብ ምቱ እንደ ዕትሙ ለ40 ወይም ለ50 ሰከንድ ያህል ካልተሰማ መቆጣጠሪያው ኖዱን «የማይደረስበት» ብሎ ይፈርጀዋል። በነባሪው አሠራር ከዚያ በኋላ 300 ሰከንድ ይጠብቃል። ይህ ጊዜ ሲያልፍ በኖዱ ላይ የነበሩት ፖዶች እንዲወገዱ ይወስናል፤ ቅጂያቸውም በሌላ ኖድ እንዲጀመር ያደርጋል።

በአንድ ሕንፃ ውስጥ ላለ ክላስተር ይህ ትክክለኛ ግምት ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ለስድስት ደቂቃ ያህል ዝም ያለ ሰርቨር ምናልባት ተበላሽቷል። መቆጣጠሪያው ክፍል በአዲስ አበባ፣ ኖዶቹ በሐዋሳ ሲሆኑ ግን የዝምታው ምክንያት ሌላ ሊሆን ይችላል። በመካከል ያለው ፋይበር በመንገድ ሥራ ተቆርጦ ይሆናል። የሐዋሳው ኖድ ግን ይሠራል፤ በአካባቢው ኔትወርክ ለተገናኙት ኮምፒውተሮችም አገልግሎት እየሰጠ ነው። ኩበርኔቲስ እነዚህን ሁለት ሁኔታዎች ለይቶ ማወቅ አይችልም። ለመቆጣጠሪያው ክፍል የሞተ ኖድና ግንኙነቱ የተቋረጠ ኖድ አንድ ናቸው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር በተማሪዎች ዘንድ ብዙ ጊዜ ግራ ያጋባል። ግንኙነቱ በተቋረጠበት ጊዜ የሐዋሳው ፖድ ሥራውን ይቀጥላል፤ የማስወገጃው ትእዛዝ አልደረሰውምና። ችግሩ የሚመጣው ግንኙነቱ ሲመለስ ነው። በዚያን ጊዜ ኩብሌት የቆየውን ትእዛዝ ይቀበልና በደኅና ሲሠራ የነበረውን ፖድ ያቆመዋል። ስለዚህ የጉዳቱ ሰዓት ከመቋረጡ ይልቅ ከመመለሱ ጋር ይገጥማል። ቅጂው አስቀድሞ በአዲስ አበባ ተነሥቶ ከሆነ ደግሞ በመካከሉ ሁለት ቅጂዎች በየፊናቸው መረጃ ሲጽፉ ቆይተዋል ማለት ነው።

ይህን ለመከላከል ፖዱ የማይደረስበት ኖድ ላይ ያለጊዜ ገደብ እንዲቆይ የሚፈቅድ መመሪያ መጻፍ ይቻላል። መመሪያው የተለመደውን የኔትወርክ መቋረጥ ይፈታል፤ ቀጥሎ የሚብራራውን የባሰ ሁኔታ ግን አይፈታም።

ኔትወርክና መብራት አብረው ሲጠፉ

በኢትዮጵያ ከተሞች የኤሌክትሪክ መቋረጥና የኔትወርክ መቋረጥ ብዙ ጊዜ አንድ ክስተት ናቸው። መብራት ሲጠፋ በመንገዱ ላይ ያለ የማሰራጫ መሣሪያ ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ ብቻ ይሠራል። ካምፓሱ ጀነሬተሩን አስነሥቶ ኮምፒውተሮቹን መልሶ ቢያበራም፣ ወደ ውጭ የሚወስደው መስመር ዝም እንዳለ ሊቆይ ይችላል። በዚህ ጊዜ ኖዱ ከመጀመሪያው ይነሣል፤ መቆጣጠሪያውን ክፍል ግን አያገኘውም።

ኩብሌት ሊያስነሣቸው የሚገቡትን ፖዶች ዝርዝር የሚያገኘው ከመቆጣጠሪያው ክፍል ነው። ዝርዝሩን በራሱ ዲስክ ላይ አያስቀምጥም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ በርቶ፣ ሊኑክስ ተነሥቶ፣ የኮንቴይነሩ ምስል በዲስኩ ላይ እያለ አንድም ፖድ አይጀምርም። ተፈታኙ ከጠረጴዛው ፊት ተቀምጧል፤ ሰርቨሩ በአጠገቡ ባለው ክፍል በርቷል፤ ፈተናውን ለማስጀመር የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ በካምፓሱ ውስጥ አለ። የጎደለው በርቀት ያለው ፈቃድ ብቻ ነው። ከዚህ የተለዩት በኖዱ ፋይሎች ውስጥ በቀጥታ የተጻፉ ቋሚ ፖዶች ናቸው፤ እነርሱ ያለ መቆጣጠሪያው ክፍል ይነሣሉ። ሆኖም በማዕከል አይስተዳደሩም፤ ስለዚህ ሥራው ሁሉ በእነርሱ ላይ ቢመሠረት ኩበርኔቲስ የተመረጠበት ምክንያት ይቀራል።

የመቋረጡ ርዝመትም መታሰብ አለበት። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ አገሪቱ የተቋረጠው ኢንተርኔት ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ ሦስት ሳምንታት ያህል ወስዷል። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ንድፍ አውጪው ከዚህ የሚማረው መቋረጥ የሚለካው በደቂቃ ብቻ አለመሆኑን ነው። በአምስት ደቂቃ ትዕግሥት ላይ የተመሠረተ ሥርዓት የሦስት ሳምንት ዝምታን ሊሸከም አይችልም።

ርቀትና ምልዓተ ጉባኤ

አንዳንድ ንድፎች ችግሩን መቆጣጠሪያውን ክፍል ራሱን በሁለት ከተሞች በመክፈል ለመፍታት ይሞክራሉ። ይህ መንገድ ሁለት ዕንቅፋቶች አሉት።

የመጀመሪያው ምልዓተ ጉባኤ ነው። ኤትሲዲ ራፍት በሚባል ስልት የሚሠራ ሲሆን፣ ማንኛውም ለውጥ የሚጸድቀው ከአባላቱ ከግማሽ በላይ ሲስማሙ ነው። ሦስት አባላት ያሉት የአንዱን መጥፋት፣ አምስት ያሉት የሁለቱን መጥፋት ይችላል። ሦስቱን አባላት በሁለት ከተሞች ማካፈል ግን ሁልጊዜ አንዱን ወገን ያጎድላል። ሁለቱ በአዲስ አበባ፣ አንዱ በሐዋሳ ቢቀመጡ መስመሩ በተቆረጠ ጊዜ ሐዋሳ ምልዓተ ጉባኤ ታጣለች፤ ምንም ዓይነት ለውጥ መመዝገብ አትችልም። ሦስተኛ ከተማ ካልተጨመረ ይህ በማንኛውም ቅንብር አይፈታም።

ሁለተኛው ርቀት ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ከሐዋሳ አዲስ አበባ ደርሶ ለመመለስ፣ ፋይበሩ መንገዱን ተከትሎ ተዘርግቷል ቢባል፣ ከ3 ሚሊሰከንድ ያነሰ ጊዜ ይበቃል። ኬፕታውን ግን በቀጥታ መስመር 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ስለዚህ የደርሶ መልሱ ዝቅተኛ ገደብ 50 ሚሊሰከንድ ነው። ወደብ አልባ በሆነች አገር መስመሩ በጎረቤት አገሮች አቋርጦ ወደ ባሕር ገመድ ስለሚደርስ ትክክለኛው ጊዜ ከዚህ ይረዝማል። የኤትሲዲ አባላት በነባሪው አሠራር በየ100 ሚሊሰከንዱ የልብ ምት ይለዋወጣሉ፤ መሪው ለ1,000 ሚሊሰከንድ ዝም ካለ አዲስ ምርጫ ይጀምራሉ። በረጅምና በሚዋዥቅ መስመር ላይ የተዘረጋ ኤትሲዲ ከሥራ ይልቅ በምርጫ ጊዜውን ያጠፋል።

ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ ግልጽ ነው። ኤትሲዲ በአንድ ቦታ መቀመጥ አለበት። ቀሪው ጥያቄ የት እንደሚቀመጥ ነው።

ሦስት አደረጃጀቶች

የመጀመሪያው አደረጃጀት አንድ ክላስተርን ከክላውድ እስከ ካምፓስ መዘርጋት ነው። መቆጣጠሪያው ክፍል በማዕከል፣ ኖዶቹ በየካምፓሱ ይሆናሉ። ለአስተዳዳሪ እጅግ ምቹ ነው፤ አንድ ቦታ ተቀምጦ ሁሉንም ያያል። ከላይ የተዘረዘሩት ችግሮች ሁሉ የሚያጠቁት ግን ይህንኑ ነው። ተስማሚ የሚሆነው መስመሩ አስተማማኝ ሲሆን ወይም ሥራው ቢቆም ጉዳት የማያስከትል ሲሆን ነው።

ሁለተኛው መቆጣጠሪያውን በማዕከል እያቆዩ ለኖዱ ማስታወሻ መስጠት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በሁዋዌ ይፋ የተደረገው ኩብኤጅ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። በዳር ያለው ወኪል የታዘዘውን ዝርዝር በኤስኪውላይት ዳታቤዝ በራሱ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል። ኮምፒውተሩ ያለ ኔትወርክ ቢነሣ እንኳን የመጨረሻውን ትእዛዝ አንብቦ ፖዶቹን ያስነሣል። ይህ የመብራትና የኔትወርክ ጥምር መቋረጥን በቀጥታ ይመልሳል። የሚቀረው ገደብ በተቋረጠበት ጊዜ አዲስ ውሳኔ መወሰን አለመቻሉ ነው። በካምፓሱ ካሉት ሁለት ኖዶች አንዱ ቢቃጠል ሥራውን ወደ ሌላው የሚያዛውር በቦታው የለም።

ሦስተኛው ለእያንዳንዱ ካምፓስ ትንሽ ግን ሙሉ ክላስተር ማቆም ነው። ራንቸር እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ኬ3ኤስ የኩበርኔቲስን ክፍሎች ከ100 ሜጋባይት በማይበልጥ አንድ ፋይል አጠቃሎ ይዟል፤ በአንድ ሰርቨር ሲሠራ ከኤትሲዲ ይልቅ ኤስኪውላይትን መጠቀም ይችላል። እያንዳንዱ ካምፓስ የራሱ መቆጣጠሪያ ስላለው ኖድ ሲወድቅ በቦታው ይወሰናል። ማዕከሉ በቀጥታ አያዝም፤ ተፈላጊውን ሁኔታ በጊት መዝገብ ላይ ይጽፋል። በካምፓሱ ያለ ፍለክስ ወይም አርጎ ሲዲ የመሰለ ወኪል መስመር ባገኘ ጊዜ መዝገቡን ጎትቶ ይፈጽማል። ጎታቹ ካምፓሱ በመሆኑ ከውጭ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር አያስፈልግም። መስመር በሌለ ጊዜ የመጨረሻው የታወቀ ሁኔታ ይቀጥላል።

ይህ አደረጃጀት ዋጋ አለው። ሰባት ካምፓስ ማለት ሰባት ክላስተር ማለት ነው፤ ሰባቱም መታደስና መጠበቅ አለባቸው። ኩበርኔቲስ በዓመት ሦስት ያህል ዕትሞች ያወጣል፤ እያንዳንዱም የሚደገፈው ለ14 ወር ገደማ ነው። የተረሳ ካምፓስ በሁለት ዓመት ውስጥ ከድጋፍ ውጭ ይሆናል። ሆኖም እነዚህ ወጪዎች በሥራ ቀን፣ በታቀደ ሰዓት የሚከፈሉ ናቸው። የመጀመሪያው አደረጃጀት ዋጋ የሚጠየቀው ግን በፈተና ቀን ነው። ሥራው በቦታው መቀጠል ግዴታ በሆነበት ሁሉ ሦስተኛው፣ የኖዱ አቅም እጅግ አነስተኛ በሆነበት ደግሞ ሁለተኛው ተመራጭ ይሆናል።

አራተኛ አማራጭም አለ፤ ኩበርኔቲስን አለመጠቀም። በአንድ ቦታ አንድ ኮምፒውተርና ሁለት ወይም ሦስት ኮንቴይነር ብቻ ካለ፣ በሲስተምዲ የሚነሣ ፖድማን ይበቃል። መቆጣጠሪያ የሚያስፈልገው የሚከፋፈል ሥራ ሲኖር ነው።

የሊኑክስ የቤት ሥራ

በዳር የሚከሰቱ ብልሽቶች ብዙዎቹ ከኩበርኔቲስ በታች ይጀምራሉ። ሦስቱ በተለይ ሊጤኑ ይገባል።

አንደኛው ሰዓት ነው። እስከ አራተኛው ትውልድ ድረስ ያሉትን ራስፕቤሪ ፓይዎች ጨምሮ ብዙ አነስተኛ ኮምፒውተሮች በባትሪ የሚሠራ ሰዓት የላቸውም። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ትክክለኛውን ጊዜ የሚያውቁት ከኔትወርክ ነው። ኔትወርክ ከሌለ ባለፈ ቀን ላይ ይነሣሉ። የኩበርኔቲስ ክፍሎች እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁት የሚጸኑበት ጊዜ በተወሰነ የምስክር ወረቀቶች ነው፤ ሰዓቱ ከተዛባ ወረቀቱ «ገና አልጸናም» ወይም «ጊዜው አልፏል» ተብሎ ግንኙነቱ ይከለከላል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ ባትሪ ያለው የሰዓት ቺፕና በካምፓሱ ውስጥ የሚቆም አንድ የጊዜ ሰርቨር ይበቃሉ። ኬ3ኤስ የሚያወጣቸው የምስክር ወረቀቶች ለ365 ቀናት እንደሚጸኑና የሚታደሱት አገልግሎቱ እንደገና ሲነሣ መሆኑንም መዘንጋት አይገባም። ዓመቱን ሙሉ ሳይቆም የሠራ ጥሩ ሰርቨር ለዚህ አደጋ ይበልጥ የተጋለጠ ነው።

ሁለተኛው ዲስክ ነው። ዳታቤዝ እያንዳንዱን ጽሑፍ በዲስክ ላይ ማጽናት ይፈልጋል። የሞባይል ስልክ ሚሞሪ ካርድ ለዚህ አልተሠራም፤ በተደጋጋሚ ጽሑፍ ያልቃል፤ በጽሑፍ መካከል መብራት ሲጠፋም ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ መቆጣጠሪያው ክፍል በሚቆምበት ኮምፒውተር ላይ ኤስኤስዲ ዲስክና ኮምፒውተሩ በሥርዓት እስኪዘጋ የሚያቆይ ዩፒኤስ የግድ ናቸው።

ሦስተኛው እድሳት ነው። በእድሳት መካከል መብራት የጠፋበት ሊኑክስ ላይነሣ ይችላል፤ ባለሙያ ወደ ዳዬ እስኪጓዝም ሥራ ይቆማል። ይህን ለመከላከል አንዳንድ የሊኑክስ ዓይነቶች ዲስኩን በሁለት ክፍል ይይዛሉ። አዲሱ ዕትም በማይሠራበት ክፍል ላይ ይጻፋል፤ ኮምፒውተሩ በእርሱ መነሣት ካቃተው ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ለርቀት ቦታዎች ይህ ዓይነቱ አሠራር ከተለመደው የጥቅል እድሳት ይመረጣል።

የምስል ጭነትና የክፍያ ገንዘብ

የኮንቴይነር ምስል በጠባብ መስመር ላይ ከባድ ጭነት ነው። አንድ ጊጋባይት የሚመዝን ምስል በሰከንድ 2 ሜጋቢት በሚያስተላልፍ መስመር ለመድረስ 67 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። አሥር ኖዶች ለየብቻ ቢያወርዱት ከ11 ሰዓት በላይ ይሆናል። በካምፓሱ ውስጥ አንድ የምስል ማከማቻ ቢቆም ምስሉ መስመሩን አንድ ጊዜ ብቻ ያቋርጣል፤ ቀሪው በአካባቢው ኔትወርክ በደቂቃ ይከፋፈላል። ከሁሉም በላይ ማከማቻው መስመር በሌለ ጊዜም ይሠራል።

የክላውዱ ቦታም ውሳኔ ይፈልጋል። በአፍሪካ ካሉት የዓለም አቀፍ ኩባንያዎች ማዕከላት አንዱ የሆነው የአማዞን የኬፕታውን ማዕከል የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። በአገር ውስጥ ኢትዮ ቴሌኮም የክላውድ አገልግሎት ይሰጣል፤ በአዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክም ራክሲዮና ዊንጉ የዳታ ማዕከላት አቋቁመዋል። በዶላር የሚከፈል ክላውድ የምንዛሪ አደጋ ይዞ ይመጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ በገበያ እንዲመራ ሲወሰን አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የ1,000 ዶላር ወርኃዊ ክፍያ አንድም ሰርቨር ሳይጨመር በብር ወደ እጥፍ ተጠጋ ማለት ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የግል መረጃ ወደ ውጭ አገር የሚተላለፍበትን ሁኔታ ስለሚደነግግ፣ የታካሚ ወይም የተፈታኝ መረጃ የት እንደሚቀመጥ ከቴክኒክ ውሳኔ አልፎ የሕግ ጥያቄ ሆኗል።

መረጃው የራሱ ንድፍ ያስፈልገዋል

ኩበርኔቲስ የሚያስታርቀው ተፈላጊውን ሁኔታ ከነባራዊው ጋር ነው። በሁለት ቦታ በየፊናው የተጻፈን መረጃ አያስታርቅም። ኤሪክ ብሩወር እ.ኤ.አ. በ2000 ያቀረበውና ጊልበርትና ሊንች እ.ኤ.አ. በ2002 ያረጋገጡት ሐሳብ እዚህ ላይ ይሠራል፤ ኔትወርክ ሲከፈል ሥርዓቱ ወይ የመረጃውን አንድነት ወይ የአገልግሎቱን መቀጠል ይመርጣል፤ ሁለቱንም ሙሉ በሙሉ ማግኘት አይቻልም።

ምርጫው እንደ መረጃው ዓይነት ይለያያል። የፈተና መልስ በአንድ ተፈታኝ ብቻ ይጻፋል። እያንዳንዱ መልስ የማይደገም መለያ ተሰጥቶት በቅደም ተከተል ከተመዘገበና መስመር ሲመለስ ወደ ማዕከል ከተላከ ግጭት አይፈጠርም፤ አንዱ መልስ ሁለት ጊዜ ቢላክም መለያው ድግግሞሹን ያስወግዳል። የኢንዱስትሪ ፓርክ የፍሳሽ ማጣሪያ መለኪያ ወይም በጥቁር ውኃ ወንዝ ላይ የሚቆም የውኃ ከፍታ መለኪያም እንዲሁ ነው፤ ንባቡ ከጊዜው ጋር ተጣብቆ ወረፋ ይጠብቃል። የታካሚ መዝገብ ግን ከዚህ ይለያል። ሁለት ሐኪሞች በሁለት ቦታ የአንድን ታካሚ መድኃኒት ሊቀይሩ ይችላሉ። የኋለኛው የቀደመውን ይሰርዝ የሚል ሕግ እዚህ ላይ አደገኛ ነው፤ ሁለቱም ተጠብቀው ለሰው ውሳኔ መቅረብ አለባቸው።

ሁለተኛ መስመር ምን ያህል ይረዳል?

ለመቋረጥ የሚሰጠው የተለመደ መልስ ሁለተኛ መስመር ማስገባት ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. አገልግሎቱን በይፋ ከጀመረ ወዲህ ሁለተኛ ኦፕሬተር መጠቀም ይቻላል። የሚገኘው ጥቅም ግን በስሌት መፈተሽ አለበት።

ለምሳሌ ያህል እያንዳንዱ መስመር ከዓመቱ 2 በመቶውን፣ ማለትም 175 ሰዓት ያህል ይቋረጣል ይባል። ሁለቱ መቋረጦች ፈጽሞ የማይገናኙ ከሆነ ሁለቱም አብረው የሚጠፉት 0.04 በመቶውን ብቻ ነው፤ ይህም በዓመት ሦስት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ነገር ግን ከመቋረጦቹ ግማሹ ከአንድ የጋራ ምክንያት፣ ለምሳሌ ከከተማው የኤሌክትሪክ መቋረጥ ወይም ከሚጋሩት የማስተላለፊያ መስመር የመጣ ከሆነ፣ አብረው የሚጠፉበት ጊዜ ቢያንስ 87 ሰዓት ነው። ልዩነቱ ከሃያ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ወሳኙ ቁጥር የእያንዳንዱ መስመር አስተማማኝነት ሳይሆን የመቋረጦቹ ዝምድና ነው። ይህን ዝምድና በሐዋሳና በዙሪያዋ ካምፓሶች ለተከታታይ ወራት መለካት ለአንድ የማስተርስ ጥናት የሚበቃ፣ ለውሳኔ ሰጪም ቀጥተኛ ጥቅም ያለው ሥራ ነው። የሚያስፈልገው መሣሪያ በየደቂቃው የሁለቱን መስመሮችና የኤሌክትሪኩን ሁኔታ የሚመዘግብ፣ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የሊኑክስ ኮምፒውተር ነው።

ከማስገባት በፊት መፈተን

አንድ አደረጃጀት በወረቀት ላይ መመረጡ በቂ አይደለም። ሊኑክስ ከርነል ውስጥ ያለው ኔትኤም መዘግየትንና የመልእክት መጥፋትን በቤተ ሙከራ ለመፍጠር ያስችላል፤ ለቀሪው የኤሌክትሪክ ሶኬቱን መንቀል ይበቃል። ቢያንስ አምስት ፈተናዎች መደረግ አለባቸው። መስመሩ ለአንድ ደቂቃ ይቋረጥ። ከዚያም ለ10 ደቂቃ ይቋረጥ፤ የ300 ሰከንዱ ገደብ የሚታለፈው እዚህ ነውና ሲመለስ የሚሆነው በጥንቃቄ ይመዝገብ። ቀጥሎ ለ24 ሰዓት ይቋረጥና ሲመለስ የጠፉና የተደገሙ መዝገቦች ይቆጠሩ። አራተኛ፣ መስመሩና መብራቱ አብረው ይጥፉና መብራቱ ብቻ ይመለስ፤ አገልግሎቱ ያለ ሰው እርዳታ በስንት ደቂቃ እንደተነሣ ይለካ። አምስተኛ፣ የአንድ ኖድ ሰዓት ወደ ኋላ ተመልሶ ኮምፒውተሩ እንደገና ይነሣ።

ከአምስቱ ወሳኙ አራተኛው ነው። በአንድ የዳታ ማዕከል ውስጥ ለሚቆሙ ክላስተሮች እንግዳ የሆነ፣ ለሐዋሳ ግን የዕለት ተዕለት ሁኔታ ነው። ይህን ፈተና ያላለፈ ሥርዓት ሌሎቹን ሁሉ ቢያልፍም ለመውጫ ፈተናም ሆነ ለሆስፒታል መዝገብ ሊታመን አይገባም።

ማጠቃለያ

ኩበርኔቲስ ዝምታን እንደ ሞት የሚቆጥረው በተወለደበት አካባቢ ይህ ግምት ትክክል ስለሆነ ነው። ሥርዓቱ ከዳታ ማዕከል ወጥቶ መስመርና መብራት ወደሚቆራረጡበት ቦታ ሲሄድ ግን ግምቱ አብሮት ይሄዳል። ማስተካከያው የመቆጣጠሪያውን ክፍል ሥራው ወደሚከናወንበት ቦታ ማቅረብ፣ ማዕከሉን የጋራ መዝገብ ጠባቂ ማድረግ፣ የሊኑክሱን ሰዓትና ዲስክ ማጽናት፣ ለመረጃው ደግሞ የራሱን የማስታረቂያ ሕግ ማውጣት ነው። ክላውዱ የካምፓሶቹን ሥራ ይሰበስባል፣ ያነጻጽራል፣ ያከማቻል፤ ተፈታኙ ፊት ያለው ገጽ እንዲከፈት ግን የእርሱ ፈቃድ አስፈላጊ መሆን የለበትም።